ክላስ ሲ አር ቪ ላይ ሊቲየም ባትሪ ስንገጥም ሌላ ምን ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዴንቨር አካባቢ ክረምት ከበጋ ለሚኖርበት ክላስ ሲ አር ቪ (በቫን ወይም በጭነት መኪና ሻሲ ላይ የተሠራ የመኖሪያ መኪና) ሁለቱን የሊድ ባትሪዎች በ200 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት መተካት ይበቃል? ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) 2000 ዋት ነው።

መልስ 1፦ አይበቃም። የቆየው ኮንቨርተር (ከውጭ መብራት ባትሪውን የሚሞላው መሣሪያ) ብዙውን ጊዜ 13.6 ቮልት አካባቢ ስለሚቆም ባትሪውን በወጉ አይሞላውም፤ 14.4 ገደማ የሚሰጥ ይግጠሙ። ከሞተሩ ዲናሞ ጋር ግን በቀጥታ እንዳያገናኙት! ሊቲየም የተሰጠውን ያህል ስለሚስብ ዲናሞው ግሎ ሊቃጠል ይችላል። መሃል ላይ 30 ወይም 40 አምፒር የዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚሳበውን የሚገድብ) ይግባ።

መልስ 2፦ ለዴንቨር ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ ወደ ሊቲየም ብረታ ብረት ተለውጦ አሉታዊው ኤሌክትሮድ ላይ ይለጠፋል፤ የጠፋው አቅም አይመለስም። መጠቀም ይቻላል፣ መሙላት ግን አይቻልም። የሊድ ባትሪ ውጭ የሚቀመጠው ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ነው፤ ይሄኛው ሲሞላ ጋዝ ስለማያወጣ አልጋ ስር፣ ማሞቂያው በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መልስ 3፦ ኢንቨርተሩ በሙሉ ጭነት ከ12 ቮልት ወደ 185 አምፒር ይስባል። የባትሪው ቢኤምኤስ (ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያና መከላከያ ሰርኪዩት) ያለማቋረጥ 200 አምፒር መስጠቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ገመዱ 2/0 (በአሜሪካ የገመድ ውፍረት መለኪያ) ይሁን፤ 250 አምፒር ክላስ ቲ ፊውዝ (ከባድ ኩረንትን ፈጥኖ የሚቆርጥ) ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይግባ። ያልጠበቀ ቦልት ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል፤ ከጥቂት ሳምንት ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቁት።