ፍቅር እስከ መቃብርን በ10 ደቂቃ እንዴት ላቅርበው?

ሰላም ናችሁ፣ ከደሴ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። የአማርኛ ቲቸራችን ያነበባችሁትን ልቦለድ ክላስ ፊት ወጥታችሁ በቃል አቅርቡ ብለውናል፣ 10 ደቂቃ ነው፣ ከወረቀት ማንበብ የለም፣ ቁልፍ ቃል የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ብቻ ትፈቀዳለች።

የያዝኩት የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ነው፣ በ1958 የወጣው፣ ውፍረቱን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከመጀመሪያው ተነስቼ እህቴ ቡና እያፈላች ስነግራት በስልኬ ቀዳሁት፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች የተሳሉትን ስለት ሳወራ ሳወራ ገና የሚወዳት ሰብለ ወንጌል ጋ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ፤ እህቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች "እና ፍቅሩ የታለ?" አለችኝ። ከዛ በነጥብ በነጥብ አሳጠርኩት፣ አሁን ደግሞ የስም ዝርዝር ሆነ፣ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ማንን እንደሚንቁ ማንን እንደሚመኙ እንኳ አይገባም።

እኔን የያዘኝ ጉዱ ካሳ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ነው፣ ሰው እንደ እብድ እያየው የዘር ቆጠራውንና የባላባቱን ሥርዓት የሚተቸው ነገር (ለኔ ከፍቅሩም ይበልጣል)። ማርኩም ከታሪኩ ይልቅ ለጭብጡ ነው የሚበዛው።

እና ታሪኩን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌ ቀሪውን ሰዓት በሙሉ ጉዱ ካሳ ላይ ባውለው፣ መጽሐፉን ያላነበቡት ልጆች ይከተሉኛል?