ወደ ኒልጊሪ የሻይ ተራሮች የምናደርገው የጋራ ጉዞ፦ የመጓጓዣ ዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢው፦
ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው እንደተነጋገርነው ከጥምቀት በኋላ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር ወዳለችው የኒልጊሪ ተራራ ከተማ ወደ ኡቲ ለምናደርገው ጉዞ የመጓጓዣውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። እስካሁን የተመዘገብነው 34 ነን፤ ከእነዚህ ውስጥ 5ቱ ልጆች ናቸው። ረቂቁ የሚለው፣ አርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከምንኖርባት ከቤንጋሉሩ በአንድ ትልቅ አውቶቡስ እንነሳ፣ ሌሊቱን ተጉዘን ሲነጋ ኡቲ እንግባ ነው። ቅዳሜ ሐይቁን፣ የዕፅዋት ማዕከሉንና የዶዳቤታን ተራራ አይተን እዚያው እናድራለን። እሁድ ጠዋት የሻይ እርሻ ጎብኝተን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ሌሊቱን የመረጥነው የአንድ ቀን የሆቴል ወጪ ስለሚቀንስልን ነው። ሐሳባችሁን እስከ ረቡዕ ስጡበት፤ የተስማማንበትን ለአስጎብኚ ድርጅቶች ልከን ዋጋ እናስጠይቃለን። ቀኑም ገና አልተቆረጠም።

አባል፣ የሲቪል ምህንድስና የዶክትሬት ተማሪ፦
ሰብሳቢያችን፣ ስለ ድካምህ እናመሰግናለን። የሌሊቱ ጉዞ ግን አያስኬደንም። መንገዳችን ላይ ካለችው ከማይሱሩ ከተማ ወደ ኡቲ የሚወስደው መንገድ በባንዲፑር የነብር ጥብቅ ደን ውስጥ ያልፋል፤ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሽከርካሪ ዝግ ነው። ዝሆኑም አጋዘኑም ሌሊት መንገዱን ስለሚያቋርጥ በመኪና የሚገጨው እንስሳ በዝቶ ነው የተዘጋው። ማታ 12 ሰዓት ተነስተን የደኑ ኬላ ጋ የምንደርሰው ከተዘጋ በኋላ ነው። ልጆች ይዘን እስኪነጋ መንገድ ዳር ልንቀመጥ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሾፌሩ ነው፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ጠዋት ተነስቶ ያንን ዳገት 34 ሰው ጭኖ እንዲወጣ መጠየቅ የለብንም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 7 ቀን 2024 ጀምሮ ከውጭ ወደ ኒልጊሪ የሚገባ መኪና ሁሉ አስቀድሞ በኢንተርኔት የኢ-ፓስ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያዘዘው ነው፤ ተራራው ከሚችለው በላይ መኪና እየወጣበት ስለተቸገረ። ፈቃዱ የሚሰጠው በታርጋ ቁጥር ስለሆነ አስጎብኚው የሚመጣውን መኪና ታርጋ ቀደም ብሎ ያሳውቀን። በመጨረሻው ሰዓት መኪና ቢቀይርብን ኬላው ላይ እንቆማለን።

አባል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በማሲናጉዲ መንደር በኩል ብንሄድስ? ካርታው ላይ ሳየው ደኑ ውስጥ ካለው ከቴፓካዱ መገንጠያ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ኡቲ ይገባል፤ በጉዳሉር ከተማ ከሚዞረው በጣም ያጥራል።

የሲቪል ምህንድስናው አባል፦
ወንድሜ፣ ማጠሩስ ያጥራል። ግን የካልሃቲ ዳገት የሚባለው እሱ ነው። 36 ድንገተኛ መታጠፊያ አለው፣ ቁልቁለቱም በጣም የቆመ ነው። ፍሬን እየጋለባቸው ብዙ መኪኖች ስለወደቁ የአካባቢው ታርጋ የሌለው መኪና በዚያ ቁልቁል እንዳይወርድ ተከልክሏል። ለትልቅ አውቶቡስማ ጭራሽ የሚሆን አይደለም። በጉዳሉር ዞረን እንሂድ፤ ትርፉ ሰዓት ከሚያስፈልገን ጥንቃቄ አይበልጥም።

አባል፣ የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም ሌሊቱን እቃወማለሁ። በጉዳሉር በኩልም ቢሆን ዳገቱ ቀላል አይደለም። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ልጆች ጠግበው ከበሉ ማስመለሳቸው አይቀርም፤ ሎሚና ደረቅ ብስኩት ይያዝ፣ የፊተኛው ወንበር ለእነሱ ይተው፣ መቆሚያም ይኑረን። ደኑ ውስጥ መውረድ ስለማይፈቀድ ከጉንድሉፔት ሳናልፍ አንድ ጊዜ፣ ጉዳሉር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ እንቁም።

አባል፣ የምግብ ቴክኖሎጂ ተማሪ፦
እኔ የምለው መንገዱን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ምን ልናይ ነው የምንሄደው የሚለውን ነው። የተወለድኩት ከፋ ውስጥ፣ ውሽውሽ አጠገብ ነው። ከሻይ ጋር ነው ያደግኩት። እሁድ በሻይ እርሻ የለቃሚዎች የእረፍት ቀን ነው። ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ 34 ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሰው የሌለበት አረንጓዴ ኮረብታ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ብንገኝ ግን የተለቀመው ቅጠል ሲመዘን እናያለን። ሴቶቹ ጆንያውን ከጀርባቸው አውርደው ሚዛኑ ፊት ይሰለፋሉ፤ ጸሐፊው ኪሎውን በእያንዳንዷ ስም ይመዘግባል። ከዚያ ፋብሪካው ነው፤ ቅጠሉ በረጅም ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ከሥሩ ነፋስ እየተነፋበት ይጠወልጋል። ሽታውን በቃል መናገር አልችልም፤ የታጨደ ሣርና የበሰለ ፍሬ የተቀላቀለ ዓይነት ነው። ከዚያ በብረት ጥርሶች ይፈጫል፣ አየር ነክቶት ይጠቁራል፣ ይደርቃል። እዚህ በየመንገዱ በወተት አፍልተው የሚሸጡልን ደቃቅ ሻይ በዚህ መንገድ የተሠራው ነው። ሙሉ ቅጠሉ ተጠቅልሎ የሚዘጋጀው ሌላ ነው፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ብርድ የሚለቀመው በተለይ ተፈላጊ ነው። እኛም በወቅቱ ነው የምንደርሰው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሻዩ ቀን ቅዳሜ ይሁን። ማደሪያችን ደግሞ ከኡቲ ወደ ኩኑር ይዛወር። ኩኑር ከኡቲ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ነው፤ ብርዱም ይሻላል፣ የሻይ እርሻው ደግሞ ከከተማው ጋር የተያያዘ ነው። ኡቲ 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነ በጃንዋሪ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ለልጆቹ ጥሩ አይደለም።

በዚያ ላይ አባላት እንዲያውቁት የምፈልገው አለ። በኒልጊሪ ሻይ የሚለቅሙት ብዙዎቹ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1964 ህንድና ስሪላንካ ባደረጉት ስምምነት ከስሪላንካ የመጡ ታሚሎች ናቸው። አያቶቻቸው በእንግሊዝ ዘመን ለሻይ ሥራ ወደዚያ ተወስደው ነበር፤ ልጆቹ ተመልሰው ሲመጡ እንደገና ሻይ ነው የጠበቃቸው። የታሚል ናዱ መንግሥት የሻይ ድርጅቱን ያቋቋመው እነሱን ለማስፈር ነው። ስለዚህ ስንሄድ ፊታቸው ላይ ካሜራ ደቅነን ሳይሆን ሰላም ብለን፣ አስፈቅደን እንዲሆን አደራ እላለሁ።

ሰብሳቢው፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ካነበብኩ በኋላ ረቂቄን የምሟገትለት አይደለሁም። የቀረው የሰዓቱ ነገር ነው። አርብ ብዙዎቻችን ክፍል አለን፤ ጠዋት መነሳት አንችልም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከቤንጋሉሩ ብንነሳ ደግሞ ኩኑር የምንደርሰው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው።

የሲቪል ምህንድስናው አባል፦
መፍትሔው ማይሱሩ ማደር ነው። አርብ 10 ሰዓት ላይ ከተነሳን 145 ኪሎ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተከፈተው ፈጣን መንገድ ሳይመሽ ባንገባ እንኳ ለእራት እንደርሳለን። ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከማይሱሩ ተነስተን ደኑን በጠዋቱ እናልፋለን፤ እንስሳ የሚታየውም ያኔ ነው። ከማይሱሩ ኡቲ በጉዳሉር በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱን በዝግታ ወጥተን፣ ኡቲን ሳንቆም አልፈን ለምሳ ኩኑር እንገባለን። 9 ሰዓት ላይ ሻዩ ውስጥ ነን።

ገንዘብ ያዥዋ፦
አንድ ሌሊት መጨመሩ ገንዘብ ነው፤ ግን ማይሱሩ ርካሽ ማደሪያ ስለማይታጣ የሚከብደን አይመስለኝም። ስለ መኪናው የሚከተለውን ልበል። አንደኛ፣ ቢጫ ታርጋ ያለው፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የቱሪስት ፈቃድ ያለው መኪና ብቻ ነው የምንከራየው። በነጭ ታርጋ ረከስ አድርጎ የሚወስደን ሰው እንዳለ ነግረውኛል፤ ነጭ ታርጋ የግል መኪና ነው፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍነንም። ሁለተኛ፣ ከአንድ ትልቅ አውቶቡስ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ሚኒባስ ይሻለናል። ከኩኑር ላምብስ ሮክና ዶልፊንስ ኖዝ ወደሚባሉት የገደል መመልከቻዎች የሚወስደው የሻይ ውስጥ መንገድ በጣም ጠባብ ነው፤ ትልቅ አውቶቡስ ከመጣ ሁለት መኪና መተላለፍ አይችልም።

የኪራይ ውል ከመፈረማችን በፊት የመንጃ ፈቃዱና የመኪናው ሰነድ ፎቶ ይላክልኝ። ሆቴሎቹንም እኔ አነጋግራለሁ። የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሆቴል ስለ እንግዳው ለመንግሥት የሚላክ ፎርም መሙላት አለበት፤ ትንንሾቹ ማደሪያዎች ይህን ስለማያውቁ ማታ ደርሰን አንቀበልም ይሉናል። ቀድሜ ጠይቄ በጽሑፍ ካላረጋገጡልኝ ቀብድ አልከፍልም።

የመጀመሪያ ዲግሪው ተማሪ፦
ባቡሩስ? እኔ የተመዘገብኩት ለእሱ ብዬ ነው። በዩኔስኮ ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2005 የተመዘገበ፣ ኡቲ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ባቡር ነው። ከተራራው ሥር ካለችው ከሜቱፓላያም ከተማ ተነስቶ 46 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ዳገቱ ስለሚከብድ በሐዲዱ መሃል ጥርስ ያለው ብረት አለ፤ የባቡሩ ጥርስ ማርሽ እሱን እየነከሰ ነው የሚወጣው። የእንፋሎት ሞተሩም ከፊት አይጎትትም፣ ከኋላ ሆኖ ይገፋል። እንዲህ ያለውን የት አግኝቼ አያለሁ?

የሲቪል ምህንድስናው አባል፦
ልክ ነህ፣ ለእኔ ሙያም ቢሆን እንደሱ ያለ ነገር የለም። ግን እንዴት እንደምንይዘው እንይ። ሜቱፓላያም ከተራራው ማዶ፣ በኮይምባቶር በኩል ነው። ባቡሩ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ 1፡10 ነው የሚነሳው፤ ሽቅብ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለዚያ ስንል ሙሉውን መንገድ መቀየር፣ ቅዳሜንም ለባቡሩ መስጠት ሊኖርብን ነው። ቲኬቱም የሚሸጠው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ6 ሰው በላይ መያዝ አይቻልም። ለ34 ሰው ስድስት ቦታ ተከፋፍለን እየተሻማን አንዳንዱ ቢያገኝ፣ ሌላው ቢቀር ጉዞው ይበተናል።

ይልቅ ከኩኑር እስከ ኡቲ ያለውን ክፍል እንሳፈር። ያው ሐዲድ ነው፣ በቀን የሚመላለሰው ባቡርም ከአንድ በላይ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የእንፋሎት ሞተሩ ኩኑር ላይ ይለወጣል፤ ከዚያ በላይ የሚጎትተው ዲዝል ነው፤ ጥርሱም እስከ ኩኑር ብቻ ነው። ይህን እያወቅህ ተቀበለኝ። የኬቲን ሸለቆ በመስኮት ስታየው ግን ደስ ይልሃል።

የመጀመሪያ ዲግሪው ተማሪ፦
እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀድልኝ። የሜቱፓላያሙ ባቡር ኩኑር ጣቢያ ሲገባ ቆሜ ልየው። የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው፤ እሁድ ባቡር እስክንሳፈር እዚያው ነን።

ጸሐፊዋ፦
እስካሁን የተባለውን ይዤ የተሻሻለውን ሐሳብ ጻፍኩት፤ ተመልከቱት።

«ጉዞው የጥር የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ይሁን። የታሚሎች የፖንጋል በዓልም የጃንዋሪ 26 የሪፐብሊክ ቀንም ያልፋሉ፤ በእነሱ ሰሞን ኡቲ መግባት የማይቻል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናብ የሚደረመሰው መሬትም ያኔ ይረጋጋል። አርብ 10 ሰዓት ከቤንጋሉሩ በሁለት ሚኒባስ ተነስተን ማይሱሩ እናድራለን። ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት በባንዲፑርና በጉዳሉር አድርገን ኩኑር ለምሳ እንገባለን፤ ከ9 ሰዓት ጀምሮ የሻይ እርሻና ፋብሪካ፣ አዳር ኩኑር። እሁድ ረፋድ ከኩኑር በባቡር ወደ ኡቲ፤ ሚኒባሶቹ ሻንጣ ይዘው በመንገድ ይቀድማሉ። ኡቲ ላይ የዕፅዋት ማዕከሉን ብቻ እናያለን፤ ሐይቁና ዶዳቤታ ቀርተዋል። ምሳ በልተን ከ8 ሰዓት ሳናሳልፍ በጉዳሉር እንመለሳለን፤ ደኑንም ከመዘጋቱ በፊት ብዙ ቀድመን እናልፋለን።»

የሁለት ልጆች እናት፦
ጥሩ ነው። «ባቡሩ ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ ሳንጠብቅ በሚኒባስ ወደ ኡቲ እንሄዳለን» የሚል ይጨመርበት። የ8 ሰዓቱ መነሻ በምንም ምክንያት እንዳይነካ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ጨምሬዋለሁ።

የምግብ ቴክኖሎጂዋ ተማሪ፦
ሁለት ትንንሽ ነገር። ኒልጊሪ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ክልክል ነው፤ ኬላው ላይ ይፈትሻሉ፣ ይቀጣሉ። ሁሉም የብረት ኮዳውን ይያዝ፤ በየመንገዱ የሚሞላበት የውኃ ማሽን አለ። ሌላው፣ አርብ ጿሚዎች ማይሱሩ ላይ ምግብ አይቸገሩም፤ ግን ዶሳው በቅቤ እንዳይጋገር አስቀድመው ይናገሩ፣ ሻዩም ካልነገሯቸው በወተት ነው የሚመጣው። የፋብሪካውን ፈቃድ እኔ አስጠይቃለሁ፤ ከመምህራኖቼ አንዱ በኩኑር በኩል የሚያውቀው ሰው አለው።

ሰብሳቢው፦
ተቃውሞ ያለው እስከ ረቡዕ ማታ ይጻፍ። ሐሙስ ይህንኑ ጽሑፍ ለሦስት አስጎብኚዎች እልካለሁ። ዋጋውን ስንጠይቅ የሾፌሮቹ አዳርና ምግብ፣ የኬላ ክፍያና የታሚል ናዱ ግብር ለየብቻ ተዘርዝሮ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ለገንዘብ ያዣችን እስከ እሁድ ይድረስ። የባቡሩን ቲኬት ስድስት ስድስት ሆነን የምንይዝበትን ዝርዝር የመጀመሪያ ዲግሪው ወንድማችን ያዘጋጅ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ቲኬት እንዲሆኑ አድርግ።