በጥር ከእናቴ ጋር በአርቪ ወደ አሪዞና በረሃ፦ በትንሽ ወጪ ይቻላል?

የባቲ ልጅ (ዴንቨር)

ሰላም ወገኖች። እናቴ አሜሪካ ከመጣች ይህ ሁለተኛ ብርዷ ነው። 69 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት፣ ጉልበቷን ያማታል። የባቲ ሰው ናት፣ ሙቀት የለመደች። ዴንቨር በረዶ መጣል ከጀመረ ወዲህ ከቤት አልወጣችም። «የዚህ አገር ፀሐይ ለመብራት ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው?» ትለኛለች።

አንድ ጓደኛዬ 24 ጫማ የሆነ አሮጌ አርቪ (መኖሪያ ያለው መኪና) አለው። ጥር ላይ ለሦስት ሳምንት ውሰደው ብሎኛል፣ ባለቤቴም ፈቃድ አግኝታለች። ነዳጅም ምግብም ተጨምሮ ያለን 2,500 ዶላር ነው። አሪዞና ያሉ የአርቪ ፓርኮች ጋ ደወልኩ፤ የአንዳንዶቹን የአዳር ዋጋ ስሰማ ሞቴል ብንይዝስ አልኩ።

ጥያቄዬ፦ መብራትና ውኃ በሌለበት ቦታ ሦስት ሰው እንዴት ይከርማል? በረሃ መሃል ማደር ለእኛ ዓይነት ሰው አያሰጋም? ብዙ መራመድ ለማትችል እናት ምን ይታያል? ከዴንቨርስ በየት በኩል ልውረድ? ዩቲዩቡ ሰልችቶኛል፣ የሄደበት ሰው ይንገረኝ።

ጡረተኛው ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

ልጄ፣ ይህን መንገድ በከባድ መኪና እንጀራ በልቼበታለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼም ብርዱን የማሳልፈው እዚያው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፣ አንተም ሻይህን ይዘህ አንብብ።

መጀመሪያ ሂሳቡ። በረሃ ላይ ገንዘብ የሚበላው ማደሪያው ሳይሆን መንዳቱ ነው። እንድትቀመጥባት የምመክርህ ኳርትሳይት የምትባል የአሪዞና ከተማ ናት፤ ከዴንቨር ወደ 1,100 ማይል ነው፣ ደርሶ መልስ 2,200። የጓደኛህ መኪና በጋሎን 9 ማይል ከሄደ እሰየው በል፤ ወደ 245 ጋሎን ይጠጣል። ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን ከ730 ዶላር በላይ ነው። ገና አንድ ቁልቋል ሳታይ ከብርህ ሲሶው ሊሄድ ምንም አይቀረው። ሰዉ ግን ዛሬ ሴዶና፣ ነገ ቱሳን፣ ከነገ ወዲያ ጆሹዋ ትሪ እያለ ሲሮጥ ይሰነብትና አርቪ ውድ ነው ብሎ ይመለሳል። አንተ አንድ ቦታ ሂድና ተቀመጥ። ነዳጅም ካሊፎርኒያ ሳትገባ ቅዳ፣ ድንበሩን ስትሻገር ዋጋው ይዘላል።

ኳርትሳይት አይ-10 እና 95 ቁጥር መንገድ የሚገናኙባት ትንሽ ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ ብታያት የሞተች ትመስልሃለች። ጥር ላይ ግን ከካናዳም ከሚኒሶታም ብርድ የሸሸ ጡረተኛ ሁሉ ቤቱን እየነዳ ይወርድባታል። ዙሪያዋ ያለው ሜዳ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው፣ ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል። ፕሎሞሳ መንገድ፣ ዶም ሮክ፣ ሃይ ጆሊ የሚባሉት ቦታዎች ላይ በነፃ 14 ቀን መቀመጥ ትችላለህ፤ ከዚያ ተነስተህ መራቅ አለብህ። እዚያ ያለው ጠጠርና ሰማይ ብቻ ነው።

ለአንተ ግን ነፃው ይቅርብህ። ከከተማዋ በስተደቡብ ላ ፖሳ የሚባል የረጅም ጊዜ ሰፈር አለ፣ በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ። የወቅቱ ፈቃድ ለዓመታት 180 ዶላር፣ የሁለት ሳምንቱ 40 ዶላር ሆኖ ኖሯል፤ የዘንድሮውን ከመነሳትህ በፊት ጠይቅ። ውኃ መቅጃውና የመጸዳጃ ታንክ መድፊያው ፈቃዱ ውስጥ ነው። እናት ይዞ ነፃ ቦታ ሰፍሮ ውኃ ፍለጋ ከተማ ለከተማ መዞር ቁጠባ አይደለም።

ውኃው እንዲህ ነው። ታንኩ 40 ጋሎን ቢይዝ፣ ሻወሩን እንደ ቤታችሁ ከለቀቃችሁት በሁለት ቀን ባዶ ነው። ሳህኑን በወረቀት ጠርጋችሁ እጠቡ። እጣቢ የሚገባበት ታንክ ቶሎ ይሞላል፣ እሱን መሬት ላይ መድፋት ደግሞ ያስቀጣል። እናትህ በማስታጠቢያ ያደጉ ናቸው፣ ከእናንተ ይልቅ ውኃ የሚያብቃቃው የእሳቸው እጅ ነው።

መብራቱ ደግሞ፦ የጋዝ ማሞቂያው ጋዝ ብቻ የሚበላ እንዳይመስልህ። ማራገቢያው የሚዞረው በባትሪ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ንጋት ላይ አምፖል የሚያበራ አይቀርልህም። ተራውን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች አታውርደው፣ ይሞትብሃል። ሶላር ካለው የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ሰሌዳውን ወደ ደቡብ አዘንብለው። ቀን በሸሚዝ ትውላለህ፣ ሌሊት ግን ወደ 40 ፋራናይት ይወርዳል፤ አንዳንዴም ውኃ ይረጋል። ማታ ማሞቂያውን አጥፋና ጋቢ ደርቡ። ንጋት ላይ ግማሽ ሰዓት ካስነሳኸው ይበቃል።

መንገዱ፦ በጥር በአይ-70 ተራራውን በአርቪ እንዳትሞክር። አይ-25ን ይዘህ ወደ ደቡብ ውረድ። ራተን መተላለፊያ ከ7,800 ጫማ በላይ ነው፣ በረዶ ወይም ነፋስ ካለ ትሪኒዳድ እደርና አሳልፈው። አልበከርኪ ላይ ወደ አይ-40 መታጠፍ ያጓጓሃል፣ አጭር ነውና። ግን ፍላግስታፍ 7,000 ጫማ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንተ ሃች ድረስ ቀጥል፣ በዚያ ወደ ደሚንግ ቁረጥ፣ ከዚያ አይ-10 በቱሳን አድርጎ ያደርስሃል። ጓደኛህ ብርዱን ፈርቶ ቧንቧው ውስጥ እንዳይፈነዳ የሚጨመረውን ሮዝ ፈሳሽ፣ አንቲፍሪዝ፣ ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ጠይቀው። ከሆነ ደሚንግ እስክትደርስ ታንኩን አትንካው፣ በጀሪካን ተጠቀሙ።

ስለ ስጋቱ የጠየቅከው፦ ጎረቤቶችህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚተኙ ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ቡና ስቆላ መጥተው ምንድን ነው ብለው ጠይቀዋል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልገጠመኝም። ይልቅ የሚያስፈልግህ ወረቀት ነው። ከሜክሲኮ ድንበር ባልራቁት መንገዶች ላይ፣ ለምሳሌ ከዩማ ወደ ኳርትሳይት በሚያመጣው 95 ላይ፣ የድንበር ጠባቂ ኬላ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው 18 ዓመት ካለፈው ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ግዴታው ነው። የእናትህ ካርድ ዴንቨር መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር።

የሚታየውን በሌላ ጽሑፍ እመለስበታለሁ፣ ጣቴ ደከመ።

ነርሷ (ፊኒክስ)

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ የጤናውን ልጨምር። ወንድሜ፣ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ አርቪው ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም። ቡናውንም ዕጣኑንም ውጭ አድርጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተጭናችሁ ሞክሩት። እነዚህ ነገሮች ዕድሜ አላቸው፣ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ አሮጌ መኪና ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ያለፈበት ነው።

ሁለተኛ፣ የእማማን መድኃኒት ከሦስት ሳምንት በላይ የሚበቃ ያዙ። ኢንሹራንሳቸው የኮሎራዶ ሜዲኬይድ ከሆነ ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር አሪዞና ላይ እንዲከፍልላችሁ አትጠብቁ። ለኳርትሳይት ሆስፒታል ያለው ፓርከር ነው፣ ወደ ሰሜን 35 ማይል ያህል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ሳይጠማቸውም ይጠጡ።

ካሜራዬ (ሎስ አንጀለስ)

ጋሼ ግራንድ ካንየንን ዝም ብለው አለፉት! ከዴንቨር ድረስ ወርዶ ሳያዩት መመለስ ምን የሚሉት ነው? የደቡቡ ጠርዝ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ደግሞ ኸርሚት የሚባለው ጠርዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ለግል መኪና የሚፈቀደው በዲሴምበር፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ በአውቶቡስ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ እያንዳንዱ ማያ ቦታ ላይ መኪናው ቆሞ ያያሉ። ቀዩ ድንጋይ ላይ በረዶ ሲያርፍበት የሚያምረውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

የባቲ ልጅ (ዴንቨር)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ማስታጠቢያው ያሉትን ስትሰማ በጣም ሳቀች። ጋሼ፣ የሚታየውን ይቀጥሉልን። እንጀራስ እንዴት እናድርግ?

ጡረተኛው ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

እሺ፣ ተመለስኩ።

ከእንጀራው ልጀምር። ፊኒክስም ቬጋስም የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ ኳርትሳይት ግን የለም፤ ፊኒክስን ስታልፍ ግዛ። አየሩ አያሻግተውም፣ ያደርቀዋል። ጠረጴዛ ላይ የተውከው በማግስቱ ድርቆሽ ነው። እኔ አውቄ አደርቀዋለሁ፣ ፍሪጁን ለሌላ ነገር እተወዋለሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ድርቆሽ ከያዛችሁ ምግቡ ከነዳጁ በብዙ ያንሳል።

አሁን ለእናትህ ቁም ነገር አለኝ። ኳርትሳይት መቃብር ቦታ ውስጥ በድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ አለ፣ ጫፉ ላይ ግመል ቆሞበታል። ሐጂ ዓሊ የሚባል የግመል ሰው መቃብር ነው። የአሜሪካ ጦር በ1856 ለበረሃው መንገድ ይጠቅመኛል ብሎ ግመል ከኦቶማን አገር በመርከብ ሲያስመጣ አብረው ከመጡት ነጂዎች አንዱ ነበር። በ1857 ግመሎቹ ከኒው ሜክሲኮ አካባቢ ተነስተው እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ጭነት ይዘው ተጉዘዋል። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፣ ነገሩ ተረሳ፣ ግመሎቹም ተሸጡ፣ አንዳንዶቹም በረሃው ውስጥ ተለቀቁ። ሰውየው እዚያው ኖሮ በ1902 ሞተ። ሐውልቱን ያቆመለት በ1935 የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ወታደሮቹ ሐጂ ዓሊ ማለት ቢያቅታቸው ሃይ ጆሊ ብለውታል፣ ቅድም የነገርኩህ ነፃ ሰፈርም በእሱ ስም ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቁ እናት እዚያ ቆመው አል-ፋቲሐ ቢቀሩለት እንደሚደሰት አልጠራጠርም። ግመሉ ግን መዳብ ነው፣ ቀድመህ ንገራቸው።

ሁለት ሳምንት እዚያ ከተቀመጣችሁ በኋላ በ95 ወደ ሰሜን ውጡና በቬጋስ አድርጋችሁ ካሊፎርኒያ ያለው ዴዝ ቫሊ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ግቡ። እናትህ 62 ስላለፋቸውና ግሪን ካርድ ስላላቸው የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ የሆነውን የአረጋውያን ፓስ ያገኛሉ፤ የዓመቱ 20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 80። እሳቸው መኪናው ውስጥ እስካሉ ሁላችሁም በዚያ ትገባላችሁ፣ ብዙዎቹ የፌዴራል ካምፖች ላይም ማደሪያው በግማሽ ዋጋ ነው። ያለ ፓስ ዴዝ ቫሊ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው። እንግዲህ የቤቱ ቅናሽ እናትህ ናቸው፣ ተንከባከቧቸው።

ባድዋተር የሚባለው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ወርደህ ጨው ላይ ትቆማለህ። የእኛው ዳሎል ከዚህም ይወርዳል፣ በዓመት አማካይም ይሞቃል። አሞሌ ጨው ሲጫን ያዩ ሰው ግን ፈረንጅ እንደዚያ ያለ ሜዳ ፎቶ ሊያነሳ መምጣቱ ይገርማቸዋል። አርቲስትስ ድራይቭ እና ዳንቴስ ቪው ላይ ከ25 ጫማ የረዘመ መኪና አይገባም። የአንተ 24 ነው ብለሃል፤ ጓደኛህ ኋላ ላይ የብስክሌት መስቀያ ካለው አስፈታው፣ እሱም ይቆጠራል።

ስለ ግራንድ ካንየን፦ ካሜራዬ፣ የኸርሚቱ መንገድ ነገር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አልሰጥህም። ደቡቡ ጠርዝም ወደ 7,000 ጫማ ነው፣ ሌሊት የውኃ ቧንቧ ይፈነዳል። የሚሄዱ ከሆነ በመመለሻቸው፣ የአየሩን ትንበያ አይተው፣ ውኃውን ከታንኩም ከቧንቧውም ደፍተው፣ አንድ ሌሊት ብቻ። ያቺን ሌሊት ደግሞ መብራት ያለው ቦታ ይክፈሉ፤ ትሬለር ቪሌጅ የሚባለው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነው። ገንዘብ ለመብራት የሚወጣው እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ነው እንጂ ኳርትሳይት ላይ አይደለም። ትንበያው በረዶ ካለ ይቅር፣ በመጡበት በደሚንግ ይመለሱ።

ካሜራዬ (ሎስ አንጀለስ)

ተስማምተናል ጋሼ። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ይድረሱ።

የባቲ ልጅ (ዴንቨር)

እናቴ ስለ ሐጂ ዓሊ ከሰማች ጀምሮ ሻንጣዋን እያወጣች ነው፣ ገና ወር ቀርቶን። «ግመል የገባበት አገርማ ሰው ይኖርበታል» አለችኝ። ለጓደኛዬ ደውዬ አንቲፍሪዙን ጠየቅኩት፣ አለበት። ሌላ የምመለከተው ነገር አለ?

ጡረተኛው ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

ጎማው። ጥርሱን አይተህ አዲስ ነው እንዳትል፣ አርቪ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፤ 2316 ከሆነ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሰባት ዓመት ካለፈው በእሱ አይ-10 ላይ እናትህን አትጭን። የኋላዎቹ በየጎኑ ሁለት ሁለት ናቸው፣ የውስጠኛውንም ተንበርክከህ በባትሪ መብራት አንብብ። ካረጁ ለባለቤቱ አሁኑኑ ንገረው፤ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን ዴንቨር ላይ ሆናችሁ ጨርሱት።