የእናቴ መሬት በእኩል፣ በሲሶ ወይስ በኮንትራት? (ደምቢያ)

ጠያቂ፦ የአዘዞዋ
እናቴ ደምቢያ 4 ጥማድ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) መሬት አላት፤ በሬም አራሽም የላትም። አንዱ ጎረቤት ጤፍ በእኩል ልረስ፣ ዘርና ማዳበሪያ ግማሽ ግማሽ እናውጣ ይላል። ሌላው ወጪውን ሁሉ ችዬ ሲሶ ልስጥ ብሏል። ሦስተኛው የ3 ዓመት ኮንትራት በጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ሊከፍል ፈቅዷል። የቱ ይሻላታል? ውሉ ላይስ ምን ይጻፍ?

ዋልካው
እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሪ። 4 ጥማድ 1 ሄክታር ገደማ ነው። ከማዳበሪያ ኤንፒኤስ 1 ኩንታል፣ ዩሪያ 1 ኩንታል፣ በብተና ከሆነ ዘር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይፈልጋል። 16 ኩንታል ቢገኝ ለእናትሽ በእኩል 8 ኩንታል ይደርሳቸዋል፤ በሲሶ 5 ኩንታል ከ33 ኪሎ። ልዩነቱ 2 ኩንታል ከ67 ኪሎ ጤፍ ነው። በእኩል ድርሻቸው የሚያወጡት የ1 ኩንታል ማዳበሪያና የ15 ኪሎ ዘር ዋጋ ከዚህ ጤፍ ዋጋ ካነሰ እኩል ያዋጣል። በረዶ ከመታው ግን በእኩል ያወጡት ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። እጃቸው ላይ ብር ከሌለ ሲሶው ይሻላል።

ሰው የሚሳሳተው ማዳበሪያው ላይ ነው። አራሹ ወጪውን ብቻውን ከቻለ፣ የሚጨምረው ምርት ግን ለሁለት ከተካፈለ፣ ማዳበሪያውን መቀነሱ አይቀርም፤ አይፈረድበትምም። ወጪው ምርቱ በሚከፈልበት ልክ ይከፈል። በሲሶም ቢሆን የማዳበሪያው ኪሎ፣ የእርሻው ድግግሞሽና የአረሙ ጊዜ በውሉ ይጻፍ።

ጎርጎራ በር
በሒሳቡ እስማማለሁ። ጠቡ የሚነሣው ግን አውድማ ላይ ነው። ዘር ከክምሩ ወጥቶ ይከፈላል ወይስ ሳይወጣ? ጭዱስ? ባለበሬው ጭዱን ሁሉ እንደራሱ ይቆጥረዋል፤ በበጋ ግን ጭድ ገንዘብ ነው፤ ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል። በሸክም ተቆጥሮ ይካፈል። በውቂያው ቀን እናትሽ ወይም የሚያምኑት ሰው አውድማው ላይ ይገኝ፤ እህሉ ከነፈሰ በኋላ በአንድ ቁና ተሰፍሮ እዚያው ይከፈል። «ቤት አስገብቼ እልክልሻለሁ» የሚለውን አትቀበሉ።

ቀበሌ ነዋሪ
እኩል ማረስ ጭሰኝነት አይደለም ወይ? እሱ በአዋጅ 31/1967 ቀርቷል።

ዋልካው
ወንድሜ፣ ያኔ አራሹ ርስት የሌለው ሰው ሆኖ በባለርስት እጅ ነበር። በጎንደር ቤተ እስራኤሎችና ብዙ ሙስሊሞች ርስት ተነፍገው በዚያ መንገድ ያርሱ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጧል፤ መሬቱን የምትሰጠው በሬ ያጣች ባልቴት፣ ተቀባዩ ባለበሬ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለሰጪዋም ነው።

ደብተር ያዥ
ስለ ኮንትራቱ፦ ገንዘቡ ቀድሞ መምጣቱ ያማልላል፤ በ3 ዓመት ውስጥ የእህል ዋጋ ቢወደድ ግን ጥቅሙ የተከራዩ ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚከፈል ይሁን። ከሁሉ በላይ «ገንዘቡን እስክትመልሺ መሬቱን ልረስ» ከሚል ወለድ አገድ ራቁ። ምርቱ ከዕዳው አይቀነስም፤ ብሩ ካልተመለሰ መሬቱ ዓመት ከዓመት ሰው እጅ ይቀራል። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ክልክል ስለሆነ፣ አንዳንዱ ሽያጩን በዚህ ስም ይሸፍነዋል።

በአረንጓዴው ደብተር (በመሬት ይዞታ ማረጋገጫው) ላይ የአባትሽም ስም ካለ ያለ እሳቸው ፈቃድ ውል አይፈረም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክር ይኑረው፤ በወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። የማብቂያውን ቀን ብቻ ሳይሆን የትኛው ሰብል ተነሥቶ እንደሚያልቅም ይጻፍ። አለዚያ ጤፉ ሲታጨድ ለእናትሽ ውሉ ያለቀ መስሏቸው ሳለ፣ አራሹ ሽምብራ ሊዘራ ይመጣል።

የአዘዞዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ሽምብራው ታዲያ በስንት ይሁን?

ጎርጎራ በር
ሽምብራው ጤፉ ከተነሣ በኋላ የሚዘራው በቀረው እርጥበት ነው፤ ብዙ ማዳበሪያም አረምም አይጠይቅም። ዘሩን ግማሽ ችላችሁ በእኩል ብታደርጉት ተገቢ ነው። እሸቱ ግን ሳይነገር ለገበያ ይወጣል፤ አውድማ የሚደርሰው የተረፈው ነው። እሸት ከተሸጠ ብሩ እኩል ይካፈላል ብላችሁ ጻፉ።