የተማሪዎች ህብረት ፕሬዚዳንት፦ ተማሪው በቀጥታ ይምረጠው ወይስ ፓርላማው?

አስጀማሪ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የተማሪዎች ህብረትን ጉዳይ ላንሳ። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሠራሩ ይመሳሰላል። ተማሪው የክፍሉን ተወካይ ይመርጣል። ከተወካዮቹ መሀል የዲፓርትመንትና የኮሌጅ ተጠሪዎች ይወጣሉ። እነሱ ፓርላማ ይሆኑና ፕሬዚዳንቱን ይመርጣሉ። እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለ ትልቅ ተቋም ይሄ ይበቃል? እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። አብዛኛው ተማሪ የፕሬዚዳንቱን ስም እንኳ ሳያውቅ ይመረቃል። በቀጥታ ይመረጥ።

ስድስት ኪሎ፦ እስማማለሁ። ይሄ የኛ የስድስት ኪሎ ግቢ የምርጫ ታሪክ ያለው ነው። ጥላሁን ግዛው የህብረቱ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ተወዳድሮ ተሸንፏል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አሸነፈ። ያኔ ምርጫው እውነተኛ ፉክክር ነበር፤ ተማሪው ሐሳብ ሰምቶ ነው የሚወስነው። ታኅሣሥ 1962 ሲገደል ተማሪው እንደዚያ የተነሳው የመረጠው ሰው ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የተማሪ ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ቢነሳ ማን ይጠይቃል?

ቢሾፍቱ፦ ወንድሜ፣ እኔ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የኛ ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ልደታ... እነዚህ ግቢዎች አዲስ አበባ ናቸው። በድምፅ ብዛት ከሄድን የኛ ድምፅ መቼም አይሰማም። ማንም ተወዳዳሪ ለእኛ ብሎ መንገድ አይወጣም። ፓርላማው ላይ ግን ተወካያችን ወንበር አለው። ሌላው ፍርሃቴ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በ2012 በየዩኒቨርሲቲው የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪ በብሔሩ ምክንያት ተገደለ፣ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀጥተኛ ምርጫ ሲመጣ ተማሪው በሐሳብ ሳይሆን በብሔር ቢሰለፍስ? የተሸነፈው ወገን ማታ ዶርም ገብቶ ከአሸናፊው ጋር ነው የሚያድረው።

ስድስት ኪሎ፦ ስጋትህ ተገቢ ነው፣ አላቃልለውም። ግን በፓርላማው ምርጫም እኮ ድርድሩ በብሔር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እዚያ በር ዘግተው መሆኑ ነው። በአደባባይ የተወዳደረ ሰው ቢያንስ ለሁሉም የሚሆን ነገር መናገር አለበት።

ከክልል ዩኒቨርሲቲ የወጣች፦ ሁለታችሁም ከላይ ጀመራችሁ። ችግሩ ታች ነው። እኔ ሁለት ዓመት የክፍል ተወካይ ነበርኩ። የየት ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ልተወው። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪው ገባ፣ “ተወካይ ማን ይሁን?” አለ፣ አንድ ልጅ ጠቆመኝ፣ አለቀ። ይሄ ነው የፓርላማው መሠረት! ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሃንድአውት ኮፒ ማድረግና የፈተና ቀን ማሳወቅ ሆነ። የካፌ ምግብ ሲበላሽ ቅሬታ ጻፍን። ህብረቱ የተማሪዎች ዲን ቢሮ አቀረበው። እዚያው ቀረ። ለምን አትጮሁም ስንላቸው፣ የህብረቱ ወጪ የሚፈቀደው በዚያው ቢሮ ፊርማ ነው አሉን። የአዳራሹ ቁልፍም እዚያው፣ ማህተሙም እዚያው። እንግዲህ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ብንመርጠውስ ምን ያመጣል? ብሩን የሚፈርምለትን ሰው መክሰስ አለበት። ሴቶች ደግሞ ስንት ጊዜ “የሴቶች ጉዳይ” የምትባል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን? የዶርም ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት የሌለበት መንገድ ላይ ስንፈራ፣ ያ ወንበር በጀት አልነበረውም።

መምህር፦ እህቴ ያለችው ልብ ይባልልኝ። እኔ ሴኔት ውስጥ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳይ በሚወሰንበት ጉባኤ፣ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የተማሪ ተወካዮች እዚያ ወንበር አላቸው፣ ድምፅም አላቸው። ነገር ግን ዲኖቹና ዳይሬክተሮቹ ብዙ ናቸው፣ እነሱ ጥቂት። አጀንዳው ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። ሌጂስሌሽኑን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የውስጥ ደንብ፣ አንብበው ሳይጨርሱ የአገልግሎት ዘመናቸው ያልቃል። ስለዚህ ዝም ብለው ይወጣሉ። ክርክሩ ስለ ምርጫው ብቻ ባይሆን ደስ ይለኛል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ላይ የሚቀመጠው ተማሪ ማን ነው? አንድን ልጅ ከትምህርት የሚያሰናብት ውሳኔ እዚያ ነው የሚወሰነው።

ስድስት ኪሎ፦ መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። ተወካዮቹ ዝም ይላሉ ካሉ፣ አስተማሪዎቹ ስለነሱ አንድ ቃል ተናግረው ያውቃሉ? በሚያዝያ 1993 ተማሪው የጠየቀው እኮ ይሄንኑ ነበር። ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ነፃ ህብረትና ጋዜጣ ይኑረን። መልሱ ጥይት ሆነ፣ ሰው ሞተ። ያን ጥያቄ ዛሬም “በሴኔት ወንበር አላችሁ” ብለን ልንዘጋው አይገባም።

መምህር፦ እውነት ነው ልጄ። በቂ አልተናገርንም።

አስጀማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን ፈጠረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ነው። አሁን በራሱ ፈተና ይቀበላል፣ ከፍሎ የሚማር ተማሪም አለው። ክፍያ ሲጨመር የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔው ወደ ግቢው ከመጣ፣ የተማሪው ድምፅም አብሮት መምጣት አለበት። በቀጥታ የተመረጠ ሰው ቦርዱ ፊት ቆሞ “ሁሉም ተማሪ ልኮኛል” ሊል ይችላል። በብዙ እርከን የተጣራ ሰው እንዲህ ማለት ይከብደዋል።

ቢሾፍቱ፦ እሺ፣ ቀጥተኛ ይሁን። ግን በሁለት ነገር አልደራደርም። አሸናፊው ከየግቢው ዝቅተኛ የድምፅ መጠን ማግኘት አለበት፤ ስድስት ኪሎን ብቻ ይዞ ማሸነፍ የለበትም። የህብረቱ ሒሳብም በየሴሚስተሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ከክልል ዩኒቨርሲቲ የወጣች፦ ከሒሳቡ በፊት ፊርማው! በጀቱን ፓርላማው ያጽድቀው፣ ዲኑ ኦዲት ያድርግ እንጂ አይፍቀድ። ይሄ ካልተለወጠ እኔ ለየትኛውም የምርጫ ዓይነት እጄን አላወጣም።

አስጀማሪ፦ ፊርማውን በተመለከተ የየግቢያችሁ የህብረት መተዳደሪያ ደንብ ምን ይላል? ያላችሁ ሰዎች አንቀጹን እዚህ ጻፉልን፣ በእሱ ላይ እንከራከር።