ተማሪ ሁሉ ቤተኛ የሚሆንበት ኮሌጅ፦ ሥራውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ — ሰብለ፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው 1,700 ያህል ተማሪዎች ባሉት አነስተኛ የግል ሊበራል አርትስ (ከአንድ ሙያ ይልቅ ሰፊ አጠቃላይ ትምህርት የሚሰጥ) ኮሌጅ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት በገንዘብ ድጋፍ ክፍል ቆይቼ፣ ካለፈው ኦገስት ጀምሮ ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ባይተዋርነት እንዳይሰማቸው የሚሠራውን ቢሮ እንድመራ ተሾምኩ። ቢሮው አምና ስሙ ሌላ ነበር። በጸደይ «ብዝኃነት» የሚለው ቃል ከበሩ ላይ ተነሣና «አካታችነት» ተለጠፈ፤ የቀድሞዋ ኃላፊም ለቀቁ። የድሮው ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ቀለሙ እስካሁን ይለያል። ያለኝ ግማሽ ቀን የምትሠራ ረዳት፣ 14 አባላት ያሉት ኮሚቴ እና ለሁለት ግብዣ የሚበቃ በጀት ነው። ፕሬዚዳንቱ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ እቅድ አቅርቢ ብለውኛል።

በኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ የቀረበው ሐሳብ «የባህል ምሽት» የሚል ነበር። አንድ ፕሮፌሰር ወደ እኔ ዞር ብለው «እንጀራ ታመጪልናለሽ አይደል?» አሉኝ። ሳቅሁ። የተናደድኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ብድር ወረቀት ሊጠይቀኝ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑም ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ብስኩት አልነቀል አለ። የመኸር ዕረፍት ተብሎ ትምህርት ለአራት ቀን ሲቋረጥ የምግብ አዳራሹ ተዘግቶ ኖሯል። እሱ የአውቶቡስ ቲኬት መግዣ ስላልነበረው ማደሪያው ውስጥ ቀርቶ፣ በማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈላ እሽግ ኑድል ሲበላ ሰነበተ። «ለምን ለሰው አልተናገርክም?» ብለው፣ «ኢሜይሉ ደርሶኝ ነበር፤ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚሄድ ስለመሰለኝ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ የሰሜን ዳኮታ ገጠር ልጅ ነው፣ ነጭ። ኮሚቴው እንግድነት የሚሰማው ተማሪ ማን ነው ቢባል እሱን አይጠራም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ በዚህ ገንዘብ ምን ልጀምር? ሕጉ በየወሩ በሚለዋወጥበት ጊዜ ምን መሥራት ይፈቀዳል? መምህራኑንስ እንዴት ላምጣቸው?

መልስ — አልማዝ፣ ኦሃዮ

እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ ወይስ አይዞሽ? ሁለቱንም ውሰጂ። እኔ በእንዲህ ዓይነቱ ኮሌጅ በተማሪዎች አገልግሎት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። «ቢሎንጊንግ» (belonging) የሚለውን እንግሊዝኛ «የባለቤትነት ስሜት» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ ለእኔ ንብረት ንብረት ይሸተኛል። እኛ «ቤተኛ» የሚል ቃል እያለን! እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ይጋበዛል፣ ተመስግኖ ይሸኛል። ቤተኛ ግን ማጀት ገብቶ የድስቱን ክዳን ይከፍታል። የባህል ምሽት እንግዳ ማስተናገጃ ነው። አይጎዳም፤ ነገር ግን ኑድል ሲበላ ለሰነበተው ልጅ ምንም አይፈይድለትም።

ስለዚህ እቅዱን ከመጻፍሽ በፊት የኮሌጁን የዓመት የቀን መቁጠሪያ አትመሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። የምግብ አዳራሹን ኃላፊ፣ የማደሪያዎቹን ኃላፊ እና ሬጅስትራሩን አስቀምጪ። አንድ ነገር የሚዘጋበትን ቀን ሁሉ በቀይ፣ ተማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ቀን ሁሉ በሰማያዊ አስምሩ። የላቦራቶሪ ክፍያ፣ የጠፋ ቁልፍ ቅጣት፣ በክረምት ዕረፍት ማደሪያ ውስጥ ለመቆየት የሚከፈለው፣ ሁሉም ይግባ። ቀይና ሰማያዊው የተደራረበበትን ሳምንት ስታዪ ሥራሽ ያ ነው።

ከዚያ የገንዘብ ክፍሉን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከ200 ዶላር ባነሰ ዕዳ ምክንያት ምዝገባው የታገደበት ተማሪ ስንት ነው? እኔ ጋ አንዲት ልጅ በ87 ዶላር ምክንያት ለሁለት ሳምንት ሳትመዘገብ ቆየች። እገዳው ሲነሣ የሚያስፈልጓት ክፍሎች ሞልተው ስለነበር መመረቂያዋ በአንድ ሴሚስተር ተገፋ። የእገዳውን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ለኮሌጁ ብዙ ወጪ የለውም፤ ዕዳው እንደሆነ የትም አይሄድም። ስምንት ዓመት የሠራሽበት ክፍል ስለሆነ ይህን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሀብታም ኮሌጆች ገንዘባቸውን ምን ላይ እንደሚያውሉትም ተመልከቺ። ዊልያምስ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ለሚያገኙ ተማሪዎቹ የመማሪያ መጻሕፍቱን ወጪ ይሸፍናል። ከዚህ የበለጠ የምወደው ግን የኬንታኪው ቤርያ ኮሌጅ ነው። በ1855 የተመሠረተ ሲሆን ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን አብሮ ያስተምር ነበር፤ በ1904 የወጣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው በግድ ያለያያቸው። ዛሬ ተማሪ ለትምህርቱ አይከፍልም፤ ሁሉም ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ሁሉም ስለሚሠራ «ሳህን አጣቢው ልጅ» የሚባል የተለየ ሰው የለም።

መልስ — ዳዊት፣ ቨርጂኒያ (የሕግ ባለሙያ)

የኮሌጃችሁን ጠበቃ የሚተካ ምክር አይደለም፤ ከእሱ ጋር ስትነጋገሪ ግን ይጠቅምሻል። ሰዎች የሚቀላቅሏቸውን ነገሮች ለያይቼ ልንገርሽ።

በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ዘርን መመዘኛ ማድረግን የከለከለ ሲሆን፣ የሚመለከተው የተማሪ ቅበላን ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ያን ውሳኔ ወደ ሌሎች የግቢ ሥራዎች ሁሉ የሚያሰፋ ደብዳቤ በትኖ ለኮሌጆች የ14 ቀን ጊዜ ሰጠ። ብዙ ቢሮዎች ስማቸውን የቀየሩት በዚያ ድንጋጤ ነው። ኦገስት 14 ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ደብዳቤውን ውድቅ አደረጉት። እንደ ቴክሳስ ባሉ ክፍለ ግዛቶች የብዝኃነት ቢሮዎችን የዘጉት ሕጎች የመንግሥት ተቋማትን የሚመለከቱ ናቸው። የአንቺ ኮሌጅ የግል ነው።

ያልተለወጠው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ተማሪን መለየት አይችልም፤ ለማግለልም ሆነ ለመጥቀም። በተግባር ሲታይ፦ በዘር ለተለየ ቡድን ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም የሚከፈት በር አይኑርሽ። በገቢ፣ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው ሰው በመሆን ወይም ከቤት ርቀት ተነሥተሽ ለሁሉም ክፍት አድርጊው። በዕረፍት ቀን ምግብ አዳራሽ መክፈትን የሚከለክል ሕግ የለም! አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በሚመለከት ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ሳይሆን ግዴታ ነው ያለብሽ፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብሩት የ1973ቱም የ1990ውም ሕጎች በቦታቸው ናቸው።

መልስ — ሐያት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

እትዬ ሰብለ፣ ከተማሪ ወገን ልናገርና ይፍቀዱልኝ። በመጀመሪያ ዓመቴ ፎቶዬ ኮሌጁ ባሳተማቸው ሦስት ብሮሹሮች ላይ ወጣ። ሂጃብ ለብሼ፣ ዛፍ ሥር፣ እየሳቅሁ። በዚያው ዓመት ረመዳን ሲገባ የምግብ አዳራሹ በአሜሪካ አቆጣጠር ማታ 7 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ማርች ላይ ሰዓቱ ሲቀየር የማፍጠሪያው ሰዓት ከ7 በኋላ ሆነ። ፎቶዬን የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ሳህን አስቀምጡልኝ ስል ግን ቅጽ ሙዪ ተባልኩ።

አብራኝ የምታድረው ልጅ ኦርቶዶክስ ናት። በ2026 ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 16 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። እሷ ከቀትር በኋላ ዘይትና አትክልት፣ እኔ ፀሐይ ስትጠልቅ ትኩስ ምግብ ነው የምንፈልገው። ሚኒሶታ ውስጥ ስንት የሶማሌ፣ የኦሮሞና የአማራ ልጅ እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ። ከአሁኑ ለኃላፊው ቀኖቹን ይስጧቸው።

ሌላው ትንሽ ነገር ይመስላል። መምህራን በኮርስ መግለጫቸው ላይ «የቢሮ ሰዓት፦ ማክሰኞ ከ2 እስከ 4» ብለው ይጽፋሉ። እኔ አንድ ሙሉ ዓመት ያ ሰዓት መምህሩ የማይረበሽበት ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት መምህር ቢሮ የሚጠራ ሰው ያጠፋ ሰው ነው። «በዚህ ሰዓት ያልገባችሁን ለመጠየቅ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ለመጨዋወት ኑ» ብለው ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

አስተያየት — በላይ፣ ዳላስ

እኛ ስንመጣ ማን ቤተኛ አደረገን? ቀን ተምረን ሌሊት ነዳጅ ማደያ ሠርተን ነው የተመረቅነው። ልጆቹ የሄዱት ለትምህርት ነው፤ እያባበላችሁ አታልፈስፍሷቸው።

ሰብለ

ጋሽ በላይ፣ ያሉት እውነት ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነው የተማረው። አብረውት የጀመሩት ሰባት ነበሩ፤ የጨረሱት ሁለት ናቸው። እኛ ቤት የሚወራው ስለ ሁለቱ ብቻ ነው።

መልስ — ተስፋዬ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር፣ ካሊፎርኒያ

ልጄ፣ ስለ ምግቡና ስለ ዕዳው የተባለው ትክክል ነው። ሆኖም ኮሌጅ ሆቴል አይደለም። ልጁ ጠግቦ በልቶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ከተቀመጠ አሁንም እንግዳ ነው። አልማዝ ማጀት ያልሽው ለእኔ የመማሪያ ክፍሉ ነው።

በ1970ዎቹ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዩሪ ትራይዝማን የሚባል ወጣት፣ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ተነሣ። ሰው ሁሉ «ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ አያጠኑም» ይል ነበር። እሱ ግን የሚኖሩበት ድረስ ሄዶ አያቸው። ያጠናሉ፤ ግን ለየብቻ። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ራት በልተው አንድ ላይ ይቀመጡና አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ትራይዝማን ያደረገው ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት አልነበረም። በቡድን የሚሠሩ፣ ከመደበኛው ክፍል የከበዱ ጥያቄዎችን ሰጣቸው፤ ውጤታቸውም ተለወጠ። «ደካማ ናችሁ ኑ ላግዛችሁ» እና «ጎበዝ ናችሁ ኑ ይህን ከባድ ነገር እንሥራ» የተለያዩ ግብዣዎች ናቸው። ዳዊት ከጠቀሰው የቅበላ ውሳኔ በኋላ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አምኸርስት ኮሌጅ አዲስ ከገቡት ተማሪዎቹ ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ በ2023 ከነበረበት 11 በመቶ በ2024 ወደ 3 በመቶ ወርዷል። አንድ ልጅ በየክፍሉ ብቻውን ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለአዲስ ተማሪ «መጀመሪያ ላይ ባይተዋርነት ይሰማሃል፣ ሁሉም ይሰማዋል፣ ያልፋል» የሚል አጭር ንባብ መስጠት ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋልተንና ኮኸን በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ሰዓት ሥራ የጥቁር ተማሪዎችን ውጤት ለሦስት ዓመት ከፍ አድርጓል። ይህን የሰማ ሁሉ ወረቀቱን አባዝቶ ሊበትን ይሮጣል። በ2023 ግን በ22 ተቋማት ከ26 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ሲሞከር፣ የሠራው ተማሪው በእርግጥ ቦታ በሚያገኝበት ግቢ ነው። በሩ ሳይከፈት «ግቡ» ማለት ፌዝ ነው።

መምህራኑን በስብሰባ አታገኚያቸውም። ሦስት መምህር ምረጪ፤ የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ እና ጽሕፈት የሚያስተምሩትን። ቡና ጋብዢያቸው፤ የራሳቸውን ክፍል ውጤት አሳዪያቸው፤ ማን አቋርጦ እንደወጣ። ንግግር አታድርጊ። መምህር በንግግር ይኮራል እንጂ አይለወጥም፤ እኔም መምህር ነበርኩ።

ሰብለ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ተስፋዬ፣ የኬሚስትሪዋ መምህርት እሺ ብላለች፤ የካልኩለሱ «ላስብበት» ላይ ነው። ሐያት፣ የቢሮ ሰዓቱን አረፍተ ነገር እንዳለ ወስጄ ለዲኑ ሰጥቻለሁ፤ በጃንዋሪ በሁሉም የኮርስ መግለጫ ላይ ይገባል። እንጀራውን በተመለከተ ለፕሮፌሰሩ «እርስዎ የእናትዎን ምግብ ሠርተው ሲያመጡ እኔም አመጣለሁ» አልኳቸው፤ እናታቸው ምግብ አይሠሩም ነበር አሉኝ።

የቀን መቁጠሪያውን ዘረጋን። ለኖቬምበር 27 የምስጋና በዓል አዳራሹ ለአምስት ቀን ሊዘጋ ነበር። የምግብ ኃላፊውን «ስንት ተማሪ የሚቀር ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሠላሳ ቢሆን ነው» አሉ። ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ለተማሪው ሁሉ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያላት ኢሜይል ላክሁ። እስከ ማታ 143 ልጆች «እቀራለሁ» ብለው መለሱ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሰሜን ዳኮታው ልጅ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ «ወጥ ቤቱ ሰው ካስፈለገው ድንች መላጥ እችላለሁ» ብሎ ጽፏል።