ቀዩ ቀለም ውስጥ ካርቦን? የራማን ማይክሮስኮፕ ጀማሪ ነኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ራማን (ሌዘር አብርቶ ከሚበተነው ብርሃን ቁሱን የሚለይ መሣሪያ) ላይ ከተቀመጥኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አያቴ የተዉልን የብራና ዳዊት አለ፤ ስገልጠው ከቀዩ ጽሕፈት የረገፈች ብናኝ አገኘሁና በስላይድ ይዤ ሄድኩ። ሌዘሩ 532 ናኖሜትር፣ ሌንሱ 100 እጥፍ የሚያጎላው። ሲግናል ይብዛልኝ ብዬ ኃይሉን ሙሉ ለቀቅኩት። ግራፉ ላይ የወጣልኝ 1350 እና 1590 cm⁻¹ አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ "ካርቦን" አለኝ። ጸሐፊው ቀዩን ከጥላሸት ጋር ቀላቅሎት ይሆን? ለአማካሪዬ ከማውራቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ባለሌዘሩ፦
እንኳንም አላወራሽ! እህቴ፣ ጥላሸቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ቀይ ቀለም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ 532 ደግሞ አረንጓዴ ነው። ያን ሁሉ ኃይል አንድ ማይክሮሜትር በማትሞላ ነጥብ ላይ ስታፈሺው ቀለሙን የያዘው ሙጫ ይከስላል። ነጩን መብራት አብሪና ነጥቡን እዪው፣ ጥቁር ጉድጓድ ታገኛለሽ። አትፈሪ፣ እኔም ማግኔታይቱን (ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) በሌዘር ጠብሼ "ሄማታይት (ቀይ የብረት ኦክሳይድ) ነው" ብዬ ሪፖርት ያስገባሁ ሰው ነኝ።

የ633 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ካላችሁ በሱ ሞክሪ። ከ1 ሚሊዋት በታች ጀምሪ፣ ሰዓቱን አርዝሚ። ደግሞ ግራፉን ከ100 cm⁻¹ ጀምረሽ ለኪ፤ የማዕድን ቀለም ታች ነው የሚናገረው፦ ቨርሚሊየን (የሜርኩሪ ሰልፋይድ ቀይ) 253 እና 343፣ ሄማታይት 225 እና 292፣ የእርሳስ ቀይ 548።

ሲሊከን520፦
ጠዋት ጠዋት መሣሪያው ልክ መሆኑን ለማየት ሲሊከኑን ትለኪያለሽ? 520.7 ላይ ካልተቀመጠ ሌላው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው። ሶፍትዌሩንም እንዲሁ አትመኚው፤ ካሉት ውስጥ የሚቀርበውን መረጠልሽ እንጂ አላወቀውም። ብራናው በፍሎረሰንስ (ሲግናሉን በሚሸፍን የራሱ ብርሃን) ካስቸገረሽ የ785 ናኖሜትር ሌዘር ይሻላል፣ ግን ከ532 አንጻር ሲግናሉ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ይደክማል።

ጀማሪዋ፦
አየሁት፣ ተቃጥሏል 🙈 ደግነቱ ብናኟ ናት እንጂ ዳዊቱ አይደለም፤ እናቴ ብትሰማ አበቃልኝ ነበር። ዛሬ ሌላ ጫፏ ላይ በ633፣ በግማሽ ሚሊዋት ለካሁ። 253 እና 343 ቀጥ ብለው ወጡ! ቨርሚሊየን! አጠገባቸው 1086 ላይ አንዲት ቀጭን ፒክ አለች፣ እሷስ?

ሲሊከን520፦
ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ትመስላለች። 281 እና 712 ላይም ካለች አትጠራጠሪ።

ጀማሪዋ፦
ሁለቱም አሉ! ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የጥቁሩም ጽሕፈት ብናኝ አለኝ። ድሮ በጥላሸት ነው የሚሠሩት ይባላል። እዚያ ካርቦን ቢወጣ የጸሐፊው ይሁን የእኔ በምን እለያለሁ?

ባለሌዘሩ፦
ከትንሹ ኃይል ጀምረሽ እዚያው ነጥብ ላይ ደጋግመሽ ለኪ፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ሁለቱ ጉብታዎች ከመጀመሪያው ካሉና ቅርጻቸው ካልተለወጠ የጸሐፊው ናቸው። ኃይሉ ሲጨምር ብቅ ካሉ ያንቺ። በየመሃሉ ፎቶ ማንሳት እንዳትረሺ።